ከእሳቱ በኋላ

እሑድ ረፋድ ነው። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሄዷል። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር፣ አንድ አረጋዊ ቄስና የንስሐ ልጃቸው ተቀምጠዋል። ሴቲቱ የሀገር ልብስ ነጋዴ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት በገበያው በተነሣ እሳት ሱቋ ከነዕቃው ወድሞባታል። ከዚያ ወዲህ ከቤቷ ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ምልልሱን የጻፍኩት እንዲህ ያለ ስብራት የደረሰባቸውን ሰዎች እያሰብኩ ነው።

አባ፦ እንደምን ሰነበትሽ ልጄ?

ልጅ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን ሰነበቱ አባቴ?

አባ፦ ስሙ ይመስገን። እህል ቀምሰሻል?

ልጅ፦ አልቀመስኩም። ሰሞኑን ጉሮሮዬ እህል እንቢ ብሏል።

አባ፦ እንቅልፍስ?

ልጅ፦ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እባንናለሁ። ከዚያ በኋላ ዓይኔ አይከደንም። ቤቴ ከገበያው ሩቅ ነው፤ ጭሱ ግን መኝታዬ ድረስ ይሸተኛል።

አባ፦ በይ ይህን ያዢ። የሰንበቴ ዳቦ ነው። ውኃም አለ።

ልጅ፦ አባቴ፣ እኔ የመጣሁት ለመብላት አይደለም። ልጠይቅዎ የምፈልገው ነገር አለ።

አባ፦ ጥያቄሽ የትም አይሄድም። መጀመሪያ ቅመሺ።

(ዳቦውን ቆርሳ በዝግታ በላች። ቄሱ ምንም ሳይናገሩ ጠበቋት።)

ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቴ በሰው ተሞልቶ ነበር። አሁን የሚመጣ የለም። ለነገሩ የመጡትም ሲያጽናኑኝ ይበልጥ ይከፋኝ ነበር። አንዱ «ለበጎ ነው» ይለኛል። ሌላው የቅዱስ ያሬድን ትል ያነሣልኛል፤ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉ ላይ ወጣች፣ አንቺም ተነሺ ይለኛል። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ግን አባቴ፣ እኔ ከዛፍ ላይ አልወደቅሁም። ዛፉ ራሱ ነው የተቃጠለብኝ። በምኑ ላይ ልውጣ?

አባ፦ እውነትሽን ነው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያሬድ ትሏን ያየው የት ሆኖ ነው?

ልጅ፦ ከዛፍ ሥር ሆኖ።

አባ፦ ለምን እዚያ ተቀመጠ?

ልጅ፦ ትምህርት አልገባው ብሎ አጎቱ አባ ጌዴዎን ሲቀጡት ከአክሱም ሸሽቶ፣ መንገድ ላይ ደክሞት።

አባ፦ አየሽ፣ የትሏን መውጣት ሁሉም ይተርካል። የያሬድን መቀመጥ ግን የሚያነሣው የለም። ትሏን ያየው ደክሞት ስለተቀመጠ ነው። እየሮጠ ቢያልፍ ኖሮ አያያትም ነበር። ዛሬ ማንም በግድ ሊያስነሣሽ አይገባም፤ ለመቀመጥም ጊዜ አለው።

ልጅ፦ መቀመጥ እምነት ማጣት አይደለም?

አባ፦ ነቢዩ ኤልያስ ተቀምጧል። በቀርሜሎስ ተራራ በ450 የበኣል ነቢያት ፊት ጸልዮ ከሰማይ እሳት ያስወረደው ኤልያስ ማለቴ ነው። ከዚያ ድል በኋላ ኤልዛቤል ዛተችበትና ሸሸ። ቤርሳቤህ ሲደርስ ብላቴናውን እዚያው ትቶ የአንድ ቀን መንገድ ያህል ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገባ። ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞቱን ለመነ።

ልጅ፦ እኔም አንድ ሌሊት እንዲያ ብያለሁ። ለማንም አልተናገርኩትም።

አባ፦ ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ። አሁን ግን እግዚአብሔር ለኤልያስ ምን እንዳደረገለት ስሚ። አልገሠጸውም። «አንተ የምታህል ነቢይ እንዴት እንዲህ ትላለህ» አላለውም። ኤልያስ እንቅልፍ ወሰደው፤ መልአክ መጥቶ ዳሰሰው። ቀና ሲል ከራስጌው በፍም የተጋገረ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ አገኘ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም አልተቆጣውም። ሁለተኛ መጥቶ ቀሰቀሰውና መንገዱ ገና ሩቅ ስለሆነ እንዲበላ ነገረው። በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ። በመጀመሪያው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ ታገኚዋለሽ። ልብ በይ ልጄ፤ እግዚአብሔር በተራራው ላይ ያነጋገረው ከዚያ ሁሉ ጉዞ በኋላ ነው። እንቅልፉና እንጎቻው ግን በመጀመሪያው ቀን ደርሰውለታል።

ልጅ፦ ለካ ለዚህ ነው ዳቦውን ያስቀደሙት።

አባ፦ መልአኩ ያስቀደመውን እኔ እንዴት ላስከትለው?

ልጅ፦ እንግዲያው ዋናውን ልጠይቅዎ። እሳቱ ከእግዚአብሔር ነበር? አንዲት ጎረቤቴ «ኃጢአትሽን መርምሪ፣ በከንቱ አይቃጠልም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ኃጢአቴን ስቆጥር አድራለሁ።

አባ፦ በሰሊሆም አንድ ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሞተው ነበር። ጌታችን ያንን አንሥቶ ሲናገር፣ የሞቱት በኢየሩሳሌም ከነበሩት ሁሉ የከፉ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ግልጽ አድርጓል። ንስሐ ግቡ ያለው ቆመው የሚሰሙትን ነው። በወደቁት ላይ አልፈረደም። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰውም ደቀ መዛሙርቱ «ኃጢአቱ የማን ነው» ብለው ሲጠይቁት፣ የእርሱም የወላጆቹም አይደለም አላቸው። ንስሐ ለሁላችንም ያስፈልገናል፤ ለእኔም ለአንቺም ለጎረቤትሽም። የእሳቱን መነሻ ለማወቅ ግን ንስሐ አይገባም፤ እርሱን የሚመረምሩ ባለሙያዎች አሉ።

ልጅ፦ ቢሆንም ሊከለክለው ይችል ነበር።

አባ፦ አዎ፣ ይችል ነበር።

ልጅ፦ ታዲያ ለምን ዝም አለ?

አባ፦ አላውቅም ልጄ። ይህን ያህል ዘመን ስቀድስ ኖሬ አላውቅም ስልሽ ቅር አይበልሽ። ኢዮብም እንዳንቺ ጠይቋል። እግዚአብሔር በመጨረሻ መጥቶ አነጋገረው እንጂ ምክንያቱን አልነገረውም። ኢዮብ ያገኘው ራሱን እግዚአብሔርን ነው። ምክንያት ሲደረድሩ የከረሙት ወዳጆቹ ግን ተወቀሱ። ደግ ሥራቸው አንድ ብቻ ነበረች፤ እርሷም መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በምድር ላይ ዝም ብለው መቀመጣቸው ናት።

ልጅ፦ «ለበጎ ነው» የሚሉኝስ ተሳስተዋል?

አባ፦ ቃሉ አልተሳሳተም፤ የተናጋሪውና የጊዜው ነገር ነው። ዮሴፍን አስቢው። በ17 ዓመቱ ወንድሞቹ ሸጡት። በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመት ሆኖት ነበር። ክፋታቸውን እግዚአብሔር ለበጎ እንደለወጠው በግልጽ የነገራቸው ደግሞ ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ አባታቸው ያዕቆብ ካረፈ በኋላ ነው። የተናገረውም የተሸጠው ራሱ ነው። ወንድሞቹ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው «ለበጎ ነው» ቢሉት ኖሮ ሌላ ግፍ ይሆን ነበር። አንቺም አንድ ቀን ዞር ብለሽ ስታዪ ትዪው ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ በአንቺ ፈንታ አልናገረውም።

ልጅ፦ (እንባዋን እየጠረገች) ይቅርታ አባቴ። ባለቀስኩ ቁጥር እምነቴ የጎደለ ይመስለኛል።

አባ፦ ጌታችን ሊያስነሣው ባለው በአልዓዛር መቃብር ላይ አልቅሷል። ዳዊትሽን ትደግሚያለሽ አይደል? 87ኛውን መዝሙር አስታውሺ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው፤ እንደሌሎቹ በምስጋና እንኳ አያልቅም። አባቶቻችን ግን ከ150ው መዝሙር አላወጡትም። የሚጸልየው ሰው ምስጋና የሚያጣበት ቀን እንዳለው ስለሚያውቁ፣ ለዚያ ቀን የሚሆን ጸሎት አቆዩለት። እምነት የሌለው ሰው ወደ ግድግዳ ያለቅሳል፤ አንቺ ወደ እግዚአብሔር አልቅሺ።

ልጅ፦ ይህስ ቀሎኛል።

አባ፦ አሁን ወዳልኩሽ ልመለስ። እንቅልፍ ካጣሽ፣ እህል እንቢ ካለሽ፣ ሞትንም ከተመኘሽ፣ ነገ ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ። የነገርሽኝን ሁሉ ሳትደብቂ ለሐኪሙ ንገሪው።

ልጅ፦ ጠበል ብጠመቅ አይበቃኝም?

አባ፦ ጠበሉንም ተጠመቂ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያዝዘናል፤ ሐኪሙን የፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው ይላል። ወንጌል የጻፈልን ሉቃስም ሐኪም ነበር። ኤልያስ እንጎቻውን «እኔ ነቢይ ነኝ፣ ጸሎት ይበቃኛል» ብሎ አልመለሰውም።

ልጅ፦ እሺ፣ እሄዳለሁ። … አባቴ፣ ገና ያልነገርኩዎ አለ። ከኀዘኑ የባሰብኝ ኀፍረቱ ነው። ዕቁቡን በልቻለሁ፤ ስድስት ወር የምጥለው ይቀረኛል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችም በእምነት የሰጡኝ ጋቢና ኩታ ነበር፤ ገንዘቡን ሳልከፍላቸው ተቃጠለ። ስልኬን ዘግቻለሁ። የዕቁቡ ዳኛም ሸማኔዎቹም ደውለው ይሆናል። ዛሬም በሰፈር ያለፍኩት ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ነው።

አባ፦ አንዱ ቀንበርሽ ይኸው ነዋ! ከእሳቱ ይልቅ የከበደሽ መደበቁ ነው። የቅዱስ ጴጥሮስን ነገር ታውቂያለሽ። ጌታውን አላውቀውም ብሎ ሦስት ጊዜ ሲክድ የት ነበር?

ልጅ፦ በሊቀ ካህናቱ ግቢ፣ እሳት ሲሞቅ።

አባ፦ የከሰል ፍም ነበር። ዮሐንስ በ18ኛው ምዕራፍ ያን ፍም ይጠቅሰዋል። ከዚያ ሌሊት በኋላ ጴጥሮስ የከሰል ጭስ በሸተተው ቁጥር ምን ይሰማው የነበረ ይመስልሻል?

ልጅ፦ እኔ ሌሊት የሚሰማኝ።

አባ፦ አሁን 21ኛውን ምዕራፍ ተመልከቺ። ጌታችን ከተነሣ በኋላ ጴጥሮስ ከባልንጀሮቹ ጋር ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ። ሌሊቱን ሁሉ ደክመው ምንም አላገኙም። ሲነጋ ጌታ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ቆሞ መረቡን በስተቀኝ እንዲጥሉ ነገራቸው፤ 153 ትልልቅ ዓሦች ወጡ። ወደ ምድር ሲወርዱ ምን አዩ? የከሰል ፍም፤ በላዩ ዓሣ፣ ዳቦም። ጌታችን የጴጥሮስን የኀፍረት እሳት እንደገና አነደደው፤ በዚህ ጊዜ ግን ቁርስ ሠራበት። ካበላው በኋላ ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ብሎ ጠየቀው። የክህደቱን ያህል ሦስት ጊዜ መልስ አገኘ፤ ሦስት ጊዜም በጎቹን አደራ ሰጠው። እዚህም ዳቦው ይቀድማል። ጥያቄው ከዳቦው በኋላ፣ አደራው ከጥያቄው በኋላ ይመጣል።

ልጅ፦ ከእሳቱ ሸሽቶ እንዲረሳው አላደረገውም። በዚያው በፍሙ አጠገብ አስቀመጠው።

አባ፦ አንቺንም ወደ ገበያው፣ ወደ ዕቁቡና ወደ ሸማኔዎቹ ይመልስሻል። ብቻሽን ግን አትሄጂም። ኮሬብ ላይ የሆነውን ልጨርስልሽ። ታላቅ ነፋስ መጣ፣ እግዚአብሔር በነፋሱ ውስጥ አልነበረም። የምድር መናወጥ መጣ፣ በዚያም አልነበረም። እሳት መጣ፤ እግዚአብሔር በእሳቱ ውስጥም አልነበረም። ከእሳቱ በኋላ ዝግ ያለ ትንሽ ድምፅ ተሰማ፤ ኤልያስም ፊቱን በመጎናጸፊያው ሸፈነ።

ልጅ፦ ከእሳቱ በኋላ…

አባ፦ አንቺ ሦስት ሳምንት ሙሉ እግዚአብሔርን በእሳቱ ውስጥ ስትፈልጊው ከርመሻል። ከእሳቱ በኋላ ፈልጊው። ያ ድምፅ ለኤልያስ ምን እንደሰጠው ታስታውሻለሽ?

ልጅ፦ አላስታውስም።

አባ፦ ሥራ ሰጠው። አዛሄልን፣ ኢዩንና ኤልሳዕን ቀባ ብሎ ሦስት ሥራ አዘዘው። ብቻዬን ቀረሁ ብሎ ሁለት ጊዜ ሲያማርር ደግሞ፣ ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ነገረው። ኤልያስም ከተራራው ወርዶ ኤልሳዕን አገኘው። በ12 ጥማድ በሬ ሲያርሱ እርሱ ከአሥራ ሁለተኛው ጋር ነበር። ኤልያስ መጎናጸፊያውን ጣል አደረገበት። ፊቱን የሸፈነበትን ልብስ ለሰው አለበሰው ማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ብቻውን አልሆነም። አንቺም ልብስ ነጋዴ ነሽና ይህ ይገባሻል።

ልጅ፦ (ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች) ይገባኛል። ነጠላ ፊት ለመደበቂያ አልተሠራም።

አባ፦ እንግዲያው ሦስት ሥራ ልስጥሽ። አንደኛ፣ ስልክሽን ዛሬ ክፈቺ። ሁለተኛ፣ ረቡዕ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ አብሬሽ ወደ ዕቁቡ ዳኛ እሄዳለሁ። ዕዳሽን አልክድም፣ ጊዜ ስጡኝ ትያለሽ። እኔም አጠገብሽ እሆናለሁ። ሦስተኛ፣ ወደ ሸማኔዎቹ ሄደሽ የንብረታቸውን መጥፋት በአንደበትሽ ንገሪያቸው።

ልጅ፦ ምን ይሉኛል?

አባ፦ ያዝኑ ይሆናል፤ ይቆጡም ይሆናል። እውነቱን ከአንቺ መስማት ግን ይገባቸዋል። ሸማኔ ድሩ ሲበጠስበት ምን እንደሚያደርግ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ልጅ፦ ይቋጥረዋል። ሸማውን አውልቆ አይጥልም። ጫፉን ከጫፉ ፈልጎ ይቋጥርና ማጉን ይቀጥላል። ጥሩ ሸማ ላይ እጅዎን ቢያሳርፉ ቋጠሮውን ያገኙታል፤ ግን ሸማው ይለበሳል።

አባ፦ እኔ ልነግርሽ ያሰብኩትን አንቺ ጨረስሽው።

ልጅ፦ አንድ ሰው ስለት ተሳይ፣ እንደ ኢዮብ እጥፍ ሆኖ ይመለስልሻል አለኝ።

አባ፦ ስለት ደግ ነው፤ ከእግዚአብሔር ጋር ንግድ ሲሆን ግን ይበላሻል። ደግሞም የኢዮብን መጨረሻ በደንብ ያነበበው የለም። ሰዎች የሚያስታውሱት 7,000 በጎቹ 14,000፣ 3,000 ግመሎቹ 6,000 መሆናቸውን ነው። ከዚያ ቁጥር በፊት ያለውን አንብቢ። ወንድሞቹ፣ እኅቶቹና የቀድሞ ወዳጆቹ ሁሉ ወደ ቤቱ መጡ፤ ከእርሱ ጋር እንጀራ በሉ፤ አጽናኑት፤ እያንዳንዳቸውም ብርና የወርቅ ቀለበት ሰጡት። በጎቹ ሲረቡ የሚነገረን ከዚህ በኋላ ነው። እግዚአብሔር ሲመልስ በሰው እጅ ይመልሳል። አንቺ ግን በርሽንም ስልክሽንም ዘግተሽ ነበር።

ልጅ፦ ሁሉም ይመለሳል ይሉኛል ማለት ነው?

አባ፦ አልልሽም። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲነሣለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተነሣለትም፤ ጸጋው ግን በቃው። ሱቁ ይመለስ አይመለስ አላውቅም። የማውቀው እግዚአብሔር ለወደቀ ሰው እንዴት እንደሚመጣ ነው። እንጎቻ ይዞ ይመጣል፣ ያስተኛል፣ ልቅሶን ይሰማል፣ ሥራ ይሰጣል፣ ሰው ይጨምራል። በዚህ መንገድ የተነሣ ሰው ከቀድሞው ያነሰ ሀብት ቢኖረው እንኳ ተነሥቷል።

(ሴቲቱ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈተችው።)

ልጅ፦ አባቴ፣ ከዳቦው ተርፏል?

አባ፦ ተርፏል። ሁለተኛውን ቁራሽ እስክትጠይቂኝ ስጠብቅ ነበር።

ምልልሱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ለአንባቢ ግን አንድ ነገር ልበል። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ንግዱ የከሰረበት፣ ከስደት ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው በየሰፈራችን አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁላችንም እንሄዳለን፤ እናለቅሳለን፤ ለበጎ ነው ብለን እንመለሳለን። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቤቱ ጭር ይላል። ለኤልያስ የተላከው መልአክ አንድ ጊዜ መጥቶ አልቀረም፤ ሁለተኛ ተመልሶ መጥቶ ዳሰሰው፤ ነቢዩም ተነሥቶ የሄደው ከሁለተኛው እንጎቻ በኋላ ነው። እባካችሁ፣ አንድ ጊዜ የጠየቃችሁት ሰው ካለ በዚህ ሳምንት ተመልሳችሁ ሂዱ። የምትናገሩት ቃል ባይኖራችሁ ዳቦ ይዛችሁ ሂዱ።